የአባትሽን መርከብ ጠርሙስ ውስጥ ስለማስገባት

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከገንደ ቆሬ ነው። የጠያቂዋ አባት ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ አገልግለዋል። ልጅ ያቺን መርከብ በትንሹ ሠርታ፣ ጠርሙስ ውስጥ አስገብታ ልትሰጣቸው አስባለች። ለመለማመድ መጀመሪያ ባለ ሁለት ምሰሶ የሸራ መርከብ ሞከረች። ምሰሶውን ግራና ቀኝ የሚይዙትን ክሮች ከምሰሶው ፊት ለፊት በስታ አሰረቻቸው፤ ምሰሶውን ስታጥፈው ተበጠሱ። በሱፐር ግሉ ጠጋግና አስገባችው። ውስጥም የቀረውን በዚያው አጣብቃ፣ ቡሹን ገጥማ ተኛች። ጠዋት ጠርሙሱን ከውስጥ ነጭ ጉም ለብሶ አገኘችው። ባሕሩን የሠራችበት የልጆች ፕላስቲሲን ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተተ። ወንድሞቿ «ይሄ የጠርሙሱ ቂጥ ተቆርጦ ነው የሚሠራው፣ አትልፊ» ይሏታል። የቱ ጋ ተበላሸ? የአባቴ መርከብስ ይሆናል ወይ? ትላለች።

እህቴ፣ ይሆናል። እንዲያውም የአባትሽ መርከብ ከሸራ መርከቡ በአንድ በኩል ይቀላል። በሌላ በኩል ይከብዳል። ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ወንድሞችሽን እናሳርፋቸው። ቂጡ አይቆረጥም። ተቆርጦ የተለጠፈ ጠርሙስ አለ፤ ለቱሪስት የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ውስጥ አይጠፋም። ወደ ብርሃን ስታዞሪው ግን የመገጣጠሚያው መስመር ወዲያው ያስታውቃል። የደንቡ መርከብ በአንገት ነው የሚገባው። ምሰሶዎቹ ከሥራቸው ታጥፈው ወደ ኋላ ይተኛሉ። ቀፎው፣ ማለትም የመርከቡ አካል፣ በኋላው በኩል በአንገቱ ያልፋል። ከመርከቡ አፍንጫ የወጣው ረጅም ክር ውጪ ይቀራል። እሱ ሲሳብ ምሰሶዎቹ ብድግ ይላሉ። ክሩ ይጣበቃል፣ ትርፉ ይቆረጣል። ምስጢሩ ይሄው ነው፤ ለወንድሞችሽ ንገሪያቸው።

ጠርሙስ ውስጥ የሚሠራ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ውጪ ይሠራል፣ ውጪ ይሞከራል፣ ውጪ ይፈርሳል፣ እንደገና ውጪ ይሠራል። ውስጥ የሚቀረው ማቆምና ማጣበቅ ብቻ ነው። ያንቺ ችግሮች ሁሉ የመጡት ውጪ ማለቅ የነበረበት ነገር ሳያልቅ ስለገባ ነው።

ነጩን ጉም እንይ። ይሄ የእጅሽ ጥፋት አይደለም፤ የሱፐር ግሉ ጠባይ ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ተን ይለቃል። ክፍት ቦታ ላይ ተኑ ስለሚበተን አታዪውም። የተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። መስታወቱ ላይ ካለችው ትንሽ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ እዚያው ይደርቅና ነጭ ሽፋን ይሆናል። የወንጀል መርማሪዎች ይህንኑ ጠባዩን ይጠቀሙበታል። ዕቃውን ሣጥን ውስጥ ዘግተው የሱፐር ግሉ ተን ይለቁበታል፤ በዓይን የማይታየው የጣት አሻራ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አንቺም ቡሹን ገጥመሽ ስትተኚ እንዲህ ያለ ሣጥን ነው የሠራሽው።

ማዳን ይቻላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ከኮስሞቲክስ ሱቅ ግዢ። የሳይክል ራጂ ጫፉን አጥፈሽ ጥጥ ጠቅልይበት። በስሱ አርጥበሽ መስታወቱን ብቻ ጥረጊ። የተቀባ ነገር ከነካ ቀለሙን ይዞት ይመጣል፤ ስለዚህ ጥጡ አይንጠብጠብ። መስኮት ክፈቺ። ከሰል የተቀጣጠለበት ምድጃ፣ የቡናም ቢሆን፣ አጠገብሽ አይኑር። አሴቶን እሳት ለመያዝ ሰበብ ነው የሚፈልገው። መርከቡ ብዙም ካላሳሳሽ ግን ጊዜሽን አታባክኚ፤ አውጥተሽ ጠርሙሱን አጽጂና ለሚቀጥለው አስቀምጪው።

ከእንግዲህ ውስጥ የሚገባው ነጭ የእንጨት ኮላ ብቻ ይሁን። ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ ነጭ ተንም አይለቅም። ይዘገያል፤ እውነት ነው። ክሩን ስበሽ ውጪ ጠርሙሱ ላይ በፕላስተር አስሪውና ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ። በማግስቱ ነይ። በዚህ ሙያ የሚቸኩል ሰው ሱፐር ግሉ ይገዛል፤ የማይቸኩል ደግሞ ፕላስተር።

የተበጠሱት ክሮች ጉዳይ የቦታ ጉዳይ ነው። ምሰሶው የሚተኛው ወደ ኋላ ነው። ከፊቱ የታሰረ ክር ምሰሶው ሲተኛ ይወጠራል። መላወሻ ሲያጣ ወይ ክሩ ይበጠሳል፣ ወይ ምሰሶው ይሰበራል። ቀዳዳዎቹን ከምሰሶው ሥር ትንሽ ወደ ኋላ አድርጊያቸው። ያኔ ምሰሶው ሲተኛ ክሮቹ ይላላሉ፤ ሲነሳ ይወጠራሉ። እግረ መንገዳቸውንም ምሰሶው ከልክ አልፎ ወደ ፊት እንዳይደፋ ያቆሙታል። ከፊት ያለው አንዱ ክር ይስባል፣ ከኋላ ያሉት ይይዛሉ። ምሰሶውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ይህ ጉተታ ነው፤ ኮላው በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

የምሰሶውን ሥር ከቀፎው ጋር በኮላ አታጣብቂው። ምሰሶ የሚሆነውን ስቴኪኒ ከሥሩ በላይ በአግድም ብሺው። በቀዳዳው ቀጭን ሽቦ አሳልፈሽ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ታች እጠፊና ወለሉ ላይ ሰክኪው። ማጠፊያ ሆነልሽ። ስቴኪኒ ሲበሳ መሰንጠቅ ይወዳል። ቀርከሃ ካገኘሽ ሰንጥቀሽ በብርጭቆ ወረቀት አቅጥኚው፤ በጣም ቀጭን ሆኖም አይሰበርም። የስፌት ክር ደግሞ ጸጉር አለው፤ ትልቅ ጨርቅ ላይ አይታይም፣ እዚህ ግን ገመዱ ላይ ሱፍ የበቀለ ይመስላል። ሰም ላይ ሁለት ሦስቴ ጎትቺው፤ ይለሰልሳል፣ ቀዳዳ ውስጥም ሳይዝ ይሄዳል።

ፕላስቲሲኑን እርሺው። አይደርቅም፤ ሁልጊዜ ለስላሳ ሆኖ ይኖራል። እኔ ያለሁት ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። እዚህ ብርዱ ስላለ ቆም ይላል። አንቺ ጋ ግን፣ አቦ፣ የግንቦትና የሰኔ ድሬን ታውቂዋለሽ! ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሻማ እንኳ የሚጎብጥበት ነው። ፕላስቲሲን በዚያ ሙቀት ይላላል፣ ዘይቱንም መስታወቱ ላይ ያወጣል።

የድሮዎቹ ሠሪዎች ባሕሩን የሚሠሩት የመስኮት መስታወት በሚለጠፍበት ስቱኮ ነበር፤ የጠመኔ ዱቄትና የተልባ ዘይት ድብልቅ ነው። እስካሁን ከዚያ የተሻለ አላየሁም። ቀለም መሸጫ የምታገኚው ስቱኮ ብዙ ዓይነት ነው፤ የግድግዳውን በውሃ የሚበጠበጥ አትውሰጂ። በዘይት የተለወሰውን ጠይቂ። ሰማያዊና ትንሽ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ለውሺበት። እኩል አታድርጊው፤ እዚህ ጠቆር፣ እዚያ ነጣ ይበል። ወፍራም ወረቀት ጠቅልለሽ እንደ ቱቦ በአንገቱ አስገቢ። ስቱኮውን በትንንሹ እያድቦለቦልሽ በቱቦው ውስጥ ጣይው፤ አንገቱ አይቆሽሽም። በታጠፈ ራጂ ተጭነሽ ታነጥፊዋለሽ። ማዕበሉን በዚያው ጫፍ ታወጪዋለሽ። የሞገዱን ጫፍ በነጭ ቀለም ነካ ነካ፣ ነካ ነካ ብቻ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ እጁን መሰብሰብ ያቅተውና ባሕሩ የሳሙና አረፋ ይሆናል።

ስቱኮው ገና ለስላሳ ሳለ ቀፎውን አስገብተሽ ጫን አድርጊበትና መልሰሽ አውጪው። መኝታዋን ይሠራላታል። ከዚያ ጠርሙሱን ክፍት አድርገሽ ተዪው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው በሳምንታት ነው፤ ሲደርቅም ተን አለው። ዘግተሽ ካስቀመጥሽው ይሄኛውም መስታወቱን ያደበዝዛል።

አሁን ጠርሙሱ። ይህ ሙያ የመርከበኞች ብቻ ነው ሲባል ትሰሚያለሽ። ከመርከብ በፊት ግን በመካከለኛው አውሮፓ የማዕድን ጉድጓድ ጠርሙስ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ መሰላሉ፣ ቆፋሪው ከነመሣሪያው። ዕድሜያቸው ከሚታወቅ የጠርሙስ መርከቦች አንጋፋው የተሠራው በ1784 እ.ኤ.አ. ሲሆን ጀርመን አገር፣ ሉቤክ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። በየመርከቡ የተስፋፋው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያኔ ጥርት ያለ ነጭ ጠርሙስ በርካሽ መገኘት ጀመረ። ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ ማን ምን ያያል? ለዚህ ነው የሐረር ቢራ ጠርሙስ ሠፈሩን ሞልቶት ለእኛ የማይጠቅመው።

አራት ማዕዘን የውስኪ ጠርሙስ ፈልጊ። ጆኒ ዎከር ደህና ነው። ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ መርከቧ ሳትጣመም ትታያለች፤ ጠረጴዛ ላይም አይንከባለልም። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ወይም ከቆራሌው ታገኚዋለሽ። ከሆቴል ብትጠይቂም አይከለክሉሽም። ብዙዎቹ አፋቸው ላይ የፕላስቲክ ማጥበቢያ አለባቸው። እሱን በፒንሳ ነቅለሽ ካላወጣሽ አንገቱን ጠባብ ነው ብለሽ ትጥይዋለሽ። በሙቅ ውሃና በጥቂት ጥሬ ሩዝ እየናጥሽ እጠቢ። ደፍተሽ ፀሐይ ላይ አድርቂ። በዚህ በኩል ድሬ ታግዝሻለች።

ብርሌ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ፤ አንቺም ሳታስቢው አትቀሪም። ያምራል። ግን አንገቱ ረጅምና ጠባብ ነው። ሆዱ ክብ ስለሆነም ውስጡ ያለው እንደየአቅጣጫው ይተልቃል፣ ይጣመማል። ለአባትሽ መርከብ አይሆንም። ለትንሽ ሳምቡክ፣ ለቀይ ባሕሩ ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ፣ ግን ግሩም ነው። እውነቱን ለመናገር ለልምምድ የሚሻለውም ሳምቡክ ነበር። ቡናችንና ቆዳችን በግመል ዘይላ ወርዶ የሚጫነው እንደነሱ ባሉ መርከቦች ነበር፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ድሬ ደርሶ ነገሩን ወደ ጅቡቲ እስኪያዞረው ድረስ። አንድ ምሰሶ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ እንጨት፣ አንድ ሸራ። አግዳሚው ምሰሶው ላይ ተጋድሞ አብሮት ይተኛል። ሸራውን ከቀጭን ወረቀት ቁረጪና ሻይ ውስጥ ነክረሽ አድርቂው፤ እርሳስ ላይ ጠቅልለሽ ስትለቂው ነፋስ የገባበት ይመስላል።

ወደ «ኢትዮጵያ» እንምጣ። መርከቧ አሜሪካ ውስጥ ተሠርታ በ1944 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ጀመረች። ያኔ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ሥራዋ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መርዳት ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተሰጠች። እስከ 1991 ቆይታ ወደ የመን ተሻገረች፤ እዚያው በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለዚህ ሄደሽ የምትለኪያት መርከብ የለችም። ያለሽ ፎቶና አባትሽ ናቸው። ድንገተኛ ስጦታ ይሁን ካልሽ ቡና ላይ ወሬውን አስጀምሪያቸው። መድፉ የት ነበር፣ ጀልባዎቹ በስንት በኩል ተሰቅለው ነበር፣ እሳቸው የሚተኙት የትኛው ፎቅ ሥር ነበር። መርከበኛ ስለ መርከቡ ሲጠየቅ አይጠረጥርም፤ ደስ ይለዋል እንጂ።

የምትቀልበት ምክንያት ሸራ ስለሌላት ነው። የሚታጠፈው ምሰሶዋ ብቻ ነው። የሚሳበው ክር አንድ ነው። የምትከብድበት ደግሞ ፎቋና ጭስ ማውጫዋ ነው። እነሱ አይታጠፉም። ስለዚህ ተቆራርጠው ይገባሉ።

ሒሳቡን ከአንገቱ ጀምሪ። ከመርከቧ አይደለም። እውነተኛዋ 95 ሜትር ገደማ ትረዝም ነበር፣ ስፋቷ 12 ሜትር ተኩል። ርዝመቷ የስፋቷ 7 እጥፍ ተኩል ነው ማለት ነው። የጠርሙስሽ አንገት ከውስጥ 18 ሚሊሜትር ነው እንበል። ለቀለምና ለክር 2 ሚሊሜትር ተዪ። ስፋቷ 16 ሚሊሜትር ይሆናል። በ7 ተኩል ስታበዢው 120 ሚሊሜትር። 12 ሴንቲሜትር መርከብ አለሽ፤ ከእናቷ 790 ጊዜ ያህል ያነሰች። ከዚያ በላይ ብትመኚ ወይ ቀፎውን በቁመቱ ለሁለት መሰንጠቅ ነው፣ ወይ ሌላ ጠርሙስ መፈለግ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ውፍረቱን ነው። አንገቱ ክብ ነው፣ ቀፎው ግን ጠርዝ አለው። በ18 ሚሊሜትር ክብ ውስጥ 16 ሚሊሜትር ስፋት ያለው እንጨት ለማሳለፍ ውፍረቱ ከ8 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። 7 አድርጊው። ከውሃ በታች ያለውን የመርከቧን ሆድ አትሥሪው፤ ባሕሩ ውስጥ ስለምትቀመጥ ማንም አያየውም። ፎቁ ግን ከቀፎው ስለሚጠብ ከፍ ሊል ይችላል፤ ስፋቱ 12 ከሆነ ቁመቱ እስከ 13 ያልፋል። ምሰሶው ላዩ ላይ ተኝቶ ስለሚገባ ግን 11 ላይ አቁሚው።

እንጨት ከመንካትሽ በፊት የቀፎውን ቁራጭ መልክ ከካርቶን ቁረጪ። ዱላ ላይ ለጥፈሽ በአንገቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፊው። አፉ ሰፍቶ ወደ ውስጥ የሚጠብ ጠርሙስ ብዙ ነው። አፉን ብቻ ለክቶ የቆረጠ ሰው መርከቡን አንገቱ ውስጥ ሰንቅሮ ይቀራል።

ለቀፎው ዝግባ ውሰጂ። ጭረቱ ቀጥ ያለ ነው፣ በምላጭም ይታዘዛል። ዋንዛም ይሆናል። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቅብሻል። ፎቁን ለብቻ፣ ጭስ ማውጫውን ለብቻ ቅረጪ። በእያንዳንዱ ሥር ሁለት የስፒል ቁራጭ ትከይ፣ ቀፎው ላይ ልክክ የሚል ቀዳዳ ብሺ። ሁለት ያልኩት እንዳይዞር ነው፤ በአንድ ስፒል የቆመ ፎቅ ውስጥ ሲገባ ፊቱን ያዞራል፣ ከዚያ ማስተካከል ጣጣ ነው። መድፉ ከስፒል ይወጣል። ድሬ ውስጥ ቶርኖ የሚሠራ የምድር ባቡር ጡረተኛ የምታውቂ ከሆነ ግን ከናስ አስወጥተሽ ታሳምሪዋለሽ። እነዚያ ሰዎች ለእንዲህ ያለ ጨዋታ እምቢ አይሉም።

ግራጫ ቀለሙን ውጪ ቀቢ። በስሱ፣ በአኳራጅ አቅጥነሽ። ወፍራም ቀለም በዚህ መጠን መስኮቱንም በሩንም ይደፍናል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም በወረንጦና በራጂ ብቻ፣ ጣትሽን ሳታስገቢ፣ ገጣጥሚና ንቀይ። እጅሽ እስኪለምደው። ውጪ የከበደሽ ነገር ውስጥ አይቀልም።

አገባቧ በተራ ነው። ቀፎው በኋላው ይገባል፤ መኝታው ላይ ጥቂት ነጭ ኮላ አድርጊ። ይደር። ፎቁ ምሰሶው ተኝቶ ይከተላል። የምሰሶው ክር ቀድሞውኑ በአፍንጫው ቀዳዳ አልፎ በአንገቱ ወጥቷል፤ ጫፉን ውጪ ለጥፊው፣ ሾልኮ ከገባ ማውጣቱ ያስለቅሳል። ስፒሎቹ ቀዳዳቸውን ሲያገኙ ኮላው እስኪይዝ ጠብቂ። ጭስ ማውጫው ይቀጥላል። መጨረሻ ክሩን በቀስታ ሳቢ። ምሰሶው ሲቆም አፍንጫው ላይ የኮላ ጠብታ በራጂ ጫፍ። ይደር። ራጂ ጫፍ ላይ የምላጭ ስባሪ አስረሽ ትርፉን ቁረጪ።

ቡሹን ቶሎ አትግጠሚ። አንገቱን በስስ ጨርቅ ሸፍነሽ ለጥቂት ሳምንታት ተዪው፤ አፍንጫሽን ስታስጠጊ ምንም የማይሸት ሲሆን ዝጊ። ከተዘጋ በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስኮት ላይ አይቀመጥ። ቀለሙ ይነጣል፣ ጠርሙሱም ይግላል። አባትሽ የሚቀመጡበት ወንበር ፊት ለፊት፣ ዓይናቸው ከፍታ ላይ ይሁን፤ ከላይ ወደ ታች ሲታይ የጠርሙሱ ትከሻ ግማሹን ይከልለዋል።

እንጨት ከመቁረጥሽ በፊት የአንገቱን ስፋት ለክተሽ ጻፊልኝ። ከጎን የተነሳ የመርከቧ ፎቶ ካላችሁም አያይዢው፤ የፎቁንና የጭስ ማውጫውን ቁመት ከእሱ ላይ አብረን እናወጣለን።